ከስቶማ ከረጢት ጋር አውሮፕላን ስሳፈር የሠራሁት ስሕተት

ትልቁ አንጀቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ፣ የትንሹ አንጀቴ ጫፍ ሆዴ ላይ በተበጀለት ቀዳዳ (ስቶማ) በኩል የሚያወጣው ሁሉ በከረጢት ይጠራቀማል፤ ሐኪሞች ኢሊዮስቶሚ ይሉታል። በዚህ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመብረር ስዘጋጅ እንቅልፍ የነሳኝ ከረጢቱ አየር ላይ ይፈነዳል የሚለው ሐሳብ ነበር። በበረራ ወቅት በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ስለሚቀራረብ፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር በመጠኑ ይሰፋል። ነርሷ «ቢነፋ እንጂ አይፈነዳም» ብላኝ ነበር፤ ሰማኋት እንጂ አላመንኳትም።

ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ውኃም ከንፈሬን ከማርጠብ አላለፈም። ውኃና ጨው መጥጦ የሚያስቀረው ትልቁ አንጀት እንደሆነና እሱ የሌለው ሰው ቶሎ እንደሚደርቅ እያወቅሁ ያደረግሁት በመሆኑ፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ጉዞው ሳይጋመስ ራሴን ይወቅረኝ፣ ባቴን ይሸመቅቀኝ ጀመር፤ ሽንቴም ጥቂትና የጠቆረ ነበር። ባዶ አንጀትም አየር ያመነጫልና ከረጢቱ መነፋቱ አልቀረም፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አየሩን ማስተንፈስ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ፍተሻው ከፈራሁት የቀለለ ሆኖ አገኘሁት። ማሽኑ ሆዴ ላይ ያለውን ሲጠቁም ለፈታሹ ቀረብ ብዬ በዝግታ አስረዳሁት፤ ልብሴን ሳልገልጥ ከረጢቱን ከላይ በገዛ እጄ ዳሰስኩት፣ እሱም መዳፌን በትንሽ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ጨርቁን መመርመሪያው ውስጥ ከተተው። ያሳፈረኝ መቀሱ ነው፤ ከረጢቱን የምቆርጥበት ረጅም መቀስ ሰው ሁሉ እያየ ከሻንጣዬ ወጥቶ ቀረ።

ስመለስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ክፍል አስቀድሜ በስቶማዬ ልክ ቆርጬ ያዝኩ። ለጉዞው ቀናት ከሚበቃኝ እጥፉን ቆጥሬ በሙሉ በእጅ ሻንጣ አደረግሁት፤ ወደ ዕቃ ክፍል የሚገባ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላልና። ማጣበቂያ የሚያለቅቀውን የሚረጭ ጣሳ ትቼ በምትኩ እርጥብ መጥረጊያ ወሰድኩ። በርካታ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በፍተሻ ስለማያሳልፉ፣ ባዶ ጠርሙስና ከሰውነት የወጣ ውኃና ጨው የሚተካ የኦአርኤስ ዱቄት ይዤ ካለፍኩ በኋላ በጥብጬ ጠጣሁ። ለስላሳ መጠጥ ግን አየር ስለሚያበዛ አልነካሁም። በጉዞው ቀን ከለመድኩት ምግብ ጥቂት በላሁ፣ ልሳፈር ስል ከረጢቱን ባዶ አደረግሁ፣ ለመጸዳጃ ቤት የሚቀርብ የመተላለፊያ ዳር ወንበርም አስቀድሜ አስያዝኩ።

የወንበሩን ቀበቶ ከስቶማው ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላም፣ የምግብ ጋሪው መተላለፊያውን ሳይዘጋው ተነሣሁ።