ያችን ሌሊት መያዝ

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ ነበርን። ዛሬም እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ መንቆረር እያለች የምትጠራት ከተማ፣ መሀሏ ላይ ነው ያደግሁት። ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። አንዱ ቤት ቡና ሲቆላ ሌላው ቤት ይሸታል። ጠቡም እንደዚያው ነው። ትናንት ማታ አረቄ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በ50 ብር ተጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ጎኑ ላይ በሴንጢ ወጋው።

እኛ እንዲህ ያለ ጠብ በሌላ ደም እንዳይመለስ የምንጥር 9 ሰዎች ነን። ስምም ማኅተምም የለንም። የጀመርነው አምና ከከተራ በኋላ ነው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ የሁለት ሰፈር ልጆች በዱላ ተፈነካከቱ፤ አንድ አብሮ አደጋችን ዓይኑን አጣ።

ሰው ሲጎዳ ቀድመን የምንሄደው ወንድሙ ጋ ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። «ደሙን የሚመልስለት ወንድ የለም ወይ?» የምትል አንዲት ቃል ስንቱን ቤት ዘግታለች! ሽማግሌዎቻችን እርቅ ያውቁበታል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ ሲወድቅ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው በማግስቱ፣ ሲዘገይም በሳምንቱ ነው። ደሙ የሚፈላው በዚያው ሌሊት ነው። ያችን ሌሊት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ትናንት የተወጋውን ልጅ ታላቅ ወንድም ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘነው። ጋቢ ደርቧል፤ ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር አይወጣም። ምንም አልጠየቅነውም። ግራና ቀኙ ተቀመጥን። ስለ ኳስ አወራን፣ ዝም አልን፣ ደግሞ አወራን። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ሌሊቱ አይቻልም፤ ከጋቢው ጫፍ ከፍሎ አለበሰኝ። በግራ እጁ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ጆሯችን ተኩስ ለምዷል። «መሣሪያ በሚጮህበት አገር የሴንጢ ጠብ ምን ያሳስባችኋል?» የሚለን ሰው አለ። ያናድደኛል። ጠመንጃው ከአቅማችን በላይ ነው። ሴንጢው ግን አብሮን የተማረ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። የእሱን እጅ መያዝ እንችላለን።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናታቸው ወጡ። «ልጆቼ፣ ደሙ ቆሟል አሉኝ» አሉን። እሱ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሊነጋጋ ሲል ቀኝ እጁ ወጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠና «ያዝልኝ» አለኝ።

አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ጋዜጣውን አልፈታሁትም።

የወጋው ልጅ እጁን ሰጥቷል። እናቱ ግን ከትናንት ጀምሮ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤትም አላንኳኳም። ጠዋት ቡና ይዘን እንሄዳለን።