የአማርኛ ጽሑፍ ክምችት ጽዳት፦ የትኛው ከየትኛው ይቀድማል?

የዶክትሬት ጥናቴ ያተኮረው በአማርኛ የቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጣዩን ቃል በሚገምት ፕሮግራም) ላይ ነበር። ማሠልጠኑ ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ጽሑፉን ማጽዳቱ ነው። እያንዳንዱ የጽዳት እርምጃ በየጥናቱ ተጽፏል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። እኔን ሁለት ጊዜ ወደ መጀመሪያው የመለሰኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ኢንኮዲንግ (ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበት መንገድ) ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ የቁጥር ሥርዓት በሚያስቀምጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የራሳቸው የፊደል አቀማመጥ ባላቸው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ሲታዩ አማርኛ ናቸው፤ ከፒዲኤፍ ሲወጡ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ከፊደሎቹ ከግማሽ በታቹ ብቻ ግዕዝ የሆነውን ሰነድ ለብቻ አስቀመጥኩ እንጂ አልጣልኩም፤ የመለወጫ ሠንጠረዥ ካለ ይመለሳል። ለአንዱ ፎንት የተሠራ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሠራም።

ቀጥሎ ቋንቋ መለየት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሁሉ አማርኛ አይደለም፤ ትግርኛም፣ ራሱ ግዕዝም አለ። የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሞክሼ ፊደላትን (እንደ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን) ቀድሜ አንድ አደረግኋቸው። ትግርኛን ከሚያሳብቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ የኣ መብዛት ነው፦ «ኣብ»፣ «ኣሎ»። ኣ ሁሉ አ ሲሆን ምልክቱ ጠፋ፤ በተለይ አጫጭር መስመሮች ላይ መለያው መሳሳት ጀመረ። ስለዚህ ቋንቋ የሚለየው በጥሬው ጽሑፍ ላይ ነው። «እዩ»፣ «ናይ»፣ «ካብ» ወይም የቐ ዘር ሲደጋገም ካየሁ መስመሩን ሳይሆን ሰነዱን በሙሉ እመረምራለሁ።

ሥርዓተ ነጥብ ቀላል ይመስላል። አራት ነጥብን (።) ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) በመምታት ይጽፈዋል፤ በላቲኑ ሁለት ነጥብ የሚጽፍም አለ (::)። ሦስቱ ወደ አንድ ካልመጡ ዓረፍተ ነገር መክፈያው አንቀጹን እንዳለ አንድ ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል። እዝባርን (/) ግን አትንኩ። ምልክት ሁሉ ጠራርጎ የሚያጠፋ ፕሮግራም «ዶ/ር»ን «ዶር»፣ «ፍ/ቤት»ን «ፍቤት» ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሞክሼዎቹ። «ፀሐይ» በፀ ወይም በጸ፣ መካከሉም በሐ፣ ሀ፣ ኀ፣ ሓ፣ ሃ ወይም ኃ ሊጻፍ ስለሚችል 12 አጻጻፍ አለው። አንድ ማድረጉ የቃላት ብዛት ይቀንሳል፤ ዋጋም ያስከፍላል። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፣ «ሰአሊ» የሚለምን፤ ከተቀየሩ በኋላ አንድ ናቸው። እኔ ሁለት ቅጂ እይዛለሁ። የተስተካከለው ለፍለጋና ድግግሞሽ ለመያዝ ነው፤ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ የሚያመነጭ ሞዴል ግን በጥሬው ይሠለጥናል። ሁሉንም በጅምላ መለወጥ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማበትም።

ሁለተኛው ስህተቴ ድግግሞሹን ከሞክሼዎቹ በፊት ማጥፋቴ ነው። አንዱ ጋዜጣ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም» ብሎ ያተመው አንድ ዜና ሁለት ዜና ሆኖ ተረፈ፤ አንዱ ወደ ማሠልጠኛው፣ ሌላው ወደ መፈተኛው ገባ። ሞዴሉ የሚያውቀውን ጥያቄ ተፈተነ ማለት ነው። አሁን የተስተካከለውን ቅጂ በሚንሃሽ (ጽሑፎችን ቆራርጦ መመሳሰላቸውን ከ0 እስከ 1 በሚገምት ዘዴ) አወዳድራለሁ። አማርኛ በቃሉ ፊትና ኋላ ብዙ ስለሚቀጥል፣ አንድ «የ» ወይም «ን» ስትጨመር ያንን ቃል የያዘው በቃል የተቆረጠ ቁራጭ ሁሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ የምቆርጠው በ8 ፊደል ነው። 128 ሃሽ (ከቁራጮቹ የሚሰላ የቁጥር አሻራ) እጠቀማለሁ፤ ጥንዱ ድግግሞሽ የሚባልበት የመመሳሰል ወሰን 0.8 ነው። እዚያ ነጥብ ላይ የግምቱ መደበኛ ስህተት 0.035 ገደማ ስለሆነ ከ0.75 እስከ 0.85 ያሉትን ጥንዶች በትክክለኛው ስሌት ደግሜ አያለሁ። ጽሑፉን ማሠልጠኛና መፈተኛ ብሎ መክፈሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በዓረፍተ ነገር ሳይሆን በሰነድ።

የመጨረሻው ወጥመድ መለኪያው ላይ ነው። ፐርፕሌክሲቲ (ሞዴሉ ቀጣዩን ለመገመት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያሳይ ቁጥር) የሚሰላው ሞዴሉ በሚጠቀምበት የቃል ቁራጭ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላቱ 16,000 ቁራጭ የሆነውን ሞዴል 32,000 ከሆነው ጋር በእሱ ማወዳደር አይቻልም። ጠቅላላውን ኪሳራ (የሞዴሉን የግምት ስህተት ድምር፣ በተፈጥሮ ሎጋሪዝም) ለፊደላት ብዛት፣ ከዚያም ለ0.693 (ለ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም) አካፍዬ ቢት በፊደል አወጣለሁ። መፈተኛውም ለሁሉም ሞዴል አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሞክሼው የተስተካከለ ጽሑፍ ለመገመት ስለሚቀል ቁጥሩ ሞዴሉ ሳይሻሻል ይወርዳል። ቢት በባይት የሚሉም አሉ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በባይት በሚጻፍበት መንገድ) 3 ባይት፣ የእንግሊዝኛው 1 ባይት ስለሚይዝ በዚያ መለኪያ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጎን ማስቀመጥ አማርኛውን ያለ አግባብ ቀላል ያስመስለዋል።