ውጤቱን የበላው ተለዋዋጭ

ሥራ አጥ ወጣቶች የወሰዱትን ሥልጠና እንድንገመግም ተሰጠን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሥልጠናው ገቢያቸውን ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?

የመጀመሪያው ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና በቁጥር የሚለካ ስሌት) "አዎ" አለ። አንዷ ባልደረባችን ግን "ሞዴሉ ሳስቷል" ብላ ዕድሜ፣ ትምህርትና የቀድሞ ገቢ የተባሉ ተለዋዋጮችን ጨመረችበት። እስከዚህ ደህና። በዚያው እጇ "ከሥልጠናው በኋላ ሥራ ይዟል ወይ?" የሚለውንም ከተተችው። የሥልጠናው ኮፊሸንት (ስሌቱ ለሥልጠናው የሰጠው የውጤት መጠን) ዜሮ አጠገብ ቁጭ አለ። አር ስኩዌር (ሞዴሉ የገቢን ልዩነት ምን ያህል እንደሚያብራራ የሚለካው ቁጥር) ደግሞ ተመነደገ። "ሥልጠናው አይጠቅምም" የሚል ሪፖርት ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ስብሰባ ላይ አንጋፋው ስታቲስቲሺያናችን ጠየቋት።

"ሥልጠናው ገቢ የሚጨምረው በምን በኩል ነው?"

"ሥራ በማስያዝ ነዋ።"

"ታዲያ ሥራ የያዘውን ከያዘው፣ ያልያዘውን ካልያዘው ጋር ብቻ እያወዳደርሽ፣ የሥልጠናውን ሥራ በየት በኩል ልታዪው ነው?"

ሳቀች። ገብቷታል።

ሶፍትዌሩ የቱ ተለዋዋጭ ከሥልጠናው በፊት፣ የቱ በኋላ እንደመጣ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም የሠንጠረዥ ዓምድ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያው ሰው ባይሠለጥን ኖሮ ስንት ያገኝ እንደነበር ነው። አንድን ሰው ሠልጥኖም ሳይሠለጥንም ማየት አይቻልም። ስታቲስቲሺያኑ ፖል ሆላንድ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መሠረታዊው ችግር ብሎ የጠራው ይህንኑ ነው። አር ስኩዌር ቢያድግ ይህን አይፈታውም።

ሥራ መያዝን የሚያሳየውን ተለዋዋጭ ስናወጣው ውጤቱ ተመለሰ። ግን አንጋፋው አሁንም አልተዋጠላቸውም። ሰው ሥልጠና የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ገቢው ካሽቆለቆለ በኋላ ነው፤ ኢኮኖሚስቱ ኦርሊ አሸንፌልተር ይህን በ1978 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ሳይሠለጥንም ሊያገግም ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱን ትተን ከሥልጠናው በፊት የነበረውን የበርካታ ዓመታት ገቢ አስገባን። ውጤቱ አነሰ፣ አልጠፋም።

ኃላፊያችን ጥርት ያለ አንድ ቁጥር ነበር የፈለጉት። ያገኙት ከዚህ እስከዚያ የሚል ግምትና አንድ ገጽ ሙሉ "ይህ እውነት ከሆነ" ነው። ደስ አላላቸውም፤ እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም።

ለቀጣዩ ዙር አመልካቹ ከቦታው ስለሚበልጥ፣ የሠለጠነውና ያልሠለጠነው በዕድል ብቻ እንዲለያዩ በዕጣ ይለይ አልን። ተስማሙ። ዕጣውን ማን ያውጣ የሚለው ግን ሌላ ስብሰባ ፈጀ።