የማለስለሻ ጠጠር

ዛሬ ምንም ሥራ አልያዝልህ አለኝ። አንድ የማውቀው ሰውዬ ደግሞ ይህን ቀን መርጦ ከገሊላ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ፎቶ ላከ። ቦታው ሺኺን ነው፤ ሴፎሪስ ከምትባለው ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ያለው፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆፈረው፣ የሮማውያን ዘመን የሸክላ ሠሪዎች መንደር። ቀናሁ።

እዚያ የሸክላ ሠሪ መንደር መሆኑ አይደበቅማ! በመንኮራኩር ተሠርቶ በእቶን ይተኮሳል፤ እሳቱ ሲያይል ዕቃው ይጣመማል፣ ያብጣል፣ አንዱ ካንዱ ይጣበቃል። እሱን የሚገዛ የለም፤ እዚያው ይከመራል። ኩራዝ የሚቀረጽባቸው የኖራ ድንጋይ ቅርጾችም ወጥተዋል። እቶን ደግሞ ሳይቆፈርም በማግኔቶሜትር፣ በመግነጢስ መለኪያ መሣሪያ ማለት ነው፣ ይታወቃል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ ሲበርድ መግነጢሱን ይዞ ይቀራል።

እስቲ ጎንደር አጠገብ ያለችውን፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር የነበረችውን ወለቃን አስቡ። ሥራው በእጅ ነው፣ እቶን የለም፣ እሳቱ ሜዳ ላይ ነው። አመዱን ነፋስ ይወስደዋል። እንዲህ በሚተኮስበት አገር የተሰነጠቀውም ቢሆን አይጣልም፤ ለሚቀጥለው እሳት መሸፈኛ ይሆናል። ታዲያ ቆፋሪው ምን ያግኝ?

ቅርፊት። በደንብ ያልደረቀ እንስራ እሳት ሲያገኘው፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ገላውን ይፈነቅላል፤ የሚወረወረው ስባሪ መሃሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ ነው። ትንንሾቹ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ስለሚያመልጡ፣ አመድ ከታየበት ጉድጓድ የወጣውን አፈር በ2 ሚሊ ሜትር መንፋት ነው።

ከቅርፊቱ ይልቅ የምትናገረው ግን የማለስለሻ ጠጠሯ ናት። የወንዝ ድንጋይ ናት፤ አንድ ጎኗ ሸክላውን ከማሸት ብዛት ጠፍጣፋ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ላዩ ላይ ባንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ካልታጠበችና ብርሃን በጎን ካላረፈባት አትታይም፤ ወንዝ በሌለበት ቦታ ብቻዋን ስትገኝ እንኳ «ድንጋይ ናት» ተብላ ወደ አፈር ክምር ትወረወራለች።

ደግሞስ የለመደ ጠጠር ትቶ የሚሄድ ማን ነው? በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከሄዱት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች አንዷ በመቀነቷ ቋጥራት ሄዳ ቢሆንስ? ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ቆፋሪ እስራኤል ውስጥ ቤርሸባ ላይ የጎንደር ድንጋይ ያገኛል ማለት ነው። የእኛን የአርኪዮሎጂ ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሰፊ የጠጠር ንግድ ነበረ ብለው ካርታ ላይ ቀስት ይስላሉ። እኔም ቀስቱን አቀልም ነበር።