ገልባጮቹ ለምን ይሰለፋሉ? የማዕድን ቁፋሮን በአኒሜሽን ሳሳይ

ፒያሳ ቢሮ ተቀምጬ የክፍት ማዕድን ማውጫ አኒሜሽን ስሠራ፣ ሥዕሉን ከመንካቴ በፊት የገልባጮቹን ምልልስ በደቂቃ እቆጥራለሁ። ለምሳሌ፦ መጫን 3 ደቂቃ፤ ጭኖ 2.4 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ 9 ደቂቃ፤ መድፋት 1.5፤ ባዶውን በሰዓት 24 ሲመለስ 6። ድምሩ 19.5 ነው። ለመጫኛው 3 ደቂቃ ሲካፈል 6.5 ይሆናል፤ ኤክስካቫተሩ ሥራ እንዳይፈታ የሚያስፈልገው የመኪና ብዛት ማለት ነው። በ6 መኪና ኤክስካቫተሩ በየዙሩ 1.5 ደቂቃ ሥራ ይፈታል፤ በ7 ደግሞ መኪኖቹ ይጠብቃሉ።

በመጀመሪያ ሲምፓይ (የሥራ ሂደትን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስኬድ የፓይተን መሣሪያ) ውስጥ የየሥራውን አማካይ ጊዜ ብቻ አስገብቼ ነበር። 6ቱ መኪኖች ርቀታቸውን ጠብቀው ዞሩ፣ ሰልፍ የሚባል ጠፋ። ያ ውሸት ነው። ሜክሲኮ ታክሲ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ አንድም አይመጣም፣ ከዚያ ሦስቱ ተከታትለው ከች ይላሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ዝቅተኛ፣ የተለመደና ከፍተኛ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለመጫን 2.5፣ 2.8 እና 3.7። በ6 መኪናም ሰልፉ ወዲያው ብቅ ይላል። አንዱን ውጤት አትመኑ፤ 30 ጊዜ አስኪዱት።

አኒሜሽኑን በምሠራበት ሶፍትዌር በብሌንደር ላይ ትልቁ ጣጣ የነጥቦቹ መገኛ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ነው። የቅየሳው መረጃ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ስለሚመጣ ወደ ሰሜን ያለው ቁጥር 630,000 ሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ እዚያ ላይ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጎማዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። የጉድጓዱን መሐል ዜሮ አድርጋችሁ ከሁሉም ነጥብ ቀንሱ፣ ከመኪኖቹ መንገድም ጭምር።

የ8 ሰዓት ፈረቃን በ90 ሰከንድ ማሳየት 320 እጥፍ ማፍጠን ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ሲሆን የጫነ መኪና በአንድ ፍሬም 57 ሜትር ይዘላል፤ መኪና መሆኑም አይለይም። ስለዚህ ሙሉውን ፈረቃ ከላይ፣ መኪኖቹን በነጥብ አሳያለሁ፤ የቆመው ቀይ ይሆናል። ኤክስካቫተሩ ሲጭን የሚያሳየውን ቅርብ ትዕይንት በ10 እጥፍ ብቻ አስኬዳለሁ።

90 ሰከንድ 2,250 ፍሬም ነው፤ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ሠርቶ ለማውጣት 40 ሰከንድ ከፈጀበት 25 ሰዓት ይወስዳል። በዚህ መሐል መብራት መሄዱ አይቀርም። የሚወጣው በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ከሆነ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ፍሬሞቹን ለየብቻ በፒኤንጂ የምስል ፋይል አስቀምጡ፣ በነባሩ ፋይል ላይ ደግሞ የሚጽፈውን ምርጫም (Overwrite) አጥፉ። መብራት ሲመለስ እንደገና ስታስጀምሩት ካቆመበት ይቀጥላል።

ጥግ ላይ የሚታየው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ፈረቃው ከጠዋቱ 2፡00 የሚገባ ፎርማን በፈረንጆቹ ሰዓት የተጻፈ 8፡00 ሲያይ የቀትር በኋላ ፈረቃ ይመስለዋል።