ግድግዳዬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጊታር አለ
ጊታር በእጄ መሥራት ስጀምር የሚያሳስበኝ ድምፁ ብቻ ነበር። ጥሩ ከሠራሁ ገዢው ራሱ ፈልጎ ይመጣል ብዬ። አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊታሮች ለወራት ተሰቅለው ቆዩ።

ከዚያ ሥራውን በስልክ እየቀረጽኩ መልቀቅ ጀመርኩ። አንዱ ቪዲዮ ላይ ስፕሩስ ከሚባለው እንጨት የሚሠራውን የጊታሩን ፊት በመላጊያ እያሳሳሁ ነው፤ በየመሃሉ ሳንቃውን ጠርዙ ላይ በሁለት ጣት አንጠልጥዬ፣ ጆሮዬ ሥር አድርጌ አንኳኳዋለሁ። መጀመሪያ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ወደ 3 ሚሊሜትር ሲጠጋ ግን ይከፈታል፤ ካንኳኳሁት በኋላም ትንሽ ይቆያል። ትዕዛዝ ያመጣልኝ ይሄ ነው። ያለቀለት የሚያብረቀርቅ ጊታር ፎቶ ስለጥፍ "ያምራል" ብለው ያልፋሉ።

ትዕዛዙ ሲጎርፍ ደስ አለኝና ከሁሉም ቀብድ ተቀበልኩ። ለሁሉም "በአራት ወር ይደርሳል" አልኩ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ጊዜ ሲያጥረኝ መላጊያውንና መሮውን አላጣደፍኩም፤ እጄ እምቢ ይላል። የቀነስኩት መጠበቂያውን ነው። እንጨት ከክፍሉ አየር ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ የአየሩ እርጥበትም ከ45 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ግን አየሩ በረጠበበት ሰሞን የውስጥ ድጋፎቹን ፊቱ ላይ አጣበቅኩ። ጊታሩ ደረቅ ቤት ሲገባ ፊቱ ሊኮማተር ፈለገ፤ ድጋፎቹ ደግሞ ይዘውታል። ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት ድልድይ ወደ ታች ተሰነጠቀ። ደንበኛው ፎቶውን ሲልክልኝ እጄ ቀዘቀዘ። መልሼ ወሰድኩትና አዲስ ሠራሁለት፤ ከኋላ ወረፋ የያዙት ሁሉ በዚያው ልክ ተገፉ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ የሥራ ቀኔን ሳይሆን የመጠበቂያ ቀኑን ቆጠርኩ፤ የቫርኒሹን መድረቂያ ጨምሮ። በዓመት 10 ጊታር ወጣ። አሁን በሦስት በሦስት ነው የምሠራው፤ የጊታሩ ሳጥን ከመዘጋቱ በፊት ለማንም የመረከቢያ ቀን አልናገርም። ትዕዛዝ ሲሞላ ደግሞ ቪዲዮውን አላቆምም፤ የማቆመው ቀብድ መቀበሉን ነው። እውነት ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው፤ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው "ቆይ" ማለት።

እንጨት ላይም ጠንቃቃ ሆኛለሁ። ለጊታር ጎንና ጀርባ የሚፈለገው የብራዚል ሮዝውድ እንጨት ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ በ2017 ደግሞ ሌሎቹም የሮዝውድ ዘሮች ቁጥጥር ውስጥ ገቡ። በ2019 መጨረሻ ላይ ይሄኛው ቁጥጥር ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቢላላም፣ ደግሜ የማላገኘውን እንጨት ማስተዋወቅ ትቻለሁ። ያለ ሮዝውድ ድምፅ የለም ለሚሉኝ የአንቶኒዮ ዴ ቶሬስን ጊታር እነግራቸዋለሁ። ስፔናዊው ሠሪ በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከወረቀት ሠርቶ፣ ድምፁን የሚወስነው ፊቱ መሆኑን ያሳየበት ነው።

ከየአምስቱ አንዱን ደግሞ ለትዕዛዝ አልሰጥም፤ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ወረፋ ላይ ያሉት "ለምን ለኔ አይሆንም?" ይሉኛል፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ግን ሰው ያልነካውን ጊታር በወሬ ብቻ እንዲገዛ መጠየቅ ከብዶኛል። ባለፈው አንዱ መጥቶ አወረደው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳይናገር ተጫወተ። ከዚያ የአንገቱን ጀርባ በመዳፉ እየዳበሰ "የኔን ትንሽ ቀጠን ታደርግልኛለህ?" አለኝ። እርሳስ አንስቼ የእጁን ልክ ወሰድኩ።