ከብቱ ተበትኖ ማን ዋሽንት ይነፋል?

አምና ከሦስት ልጆች ጋር ሆነን አንድ የሞባይል ጌም ስንሰራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጌሙ ቀላል ነው፣ እረኛ ልጅ አለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጎቹን ሰብስቦ ቤት ማድረስ አለበት፣ ጅብ አለ ገደል አለ፣ የሰው እህል ውስጥ ከገቡበት ደግሞ ነጥብ ይቀነሳል። ኮዱ የኔ ነበር፣ ሙዚቃ የሚሰራ ሰው ስላልነበረን እሱም እኔው ላይ ወደቀ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ኢርፎን ሰክቼ ኢንተርኔት ላይ ዋሽንት ዋሽንት የሚል ነገር ስፈልግ ከረምኩ። ብዙው ላይሰንሱ አያስኬድም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሰሪው ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የሚፈቅድበት ላይሰንስ) ስለተባለ ብቻ ሁሉም እንደፈለጋችሁ የምትጠቀሙበት አይደለም፣ ኤንሲ፣ ማለትም ለንግድ አይሆንም፣ የሚል ካለበት የምትሸጡት ጌም ውስጥ ማስገባት አትችሉም፣ ይሄን ሳያዩ የሚያስገቡ ልጆች ስላሉ ነው የምናገረው። በመጨረሻ ክሬዲት ብቻ የሚጠይቅ አንድ ደስ የሚል ትራክ አገኘሁና አስገባሁት፣ ልጆቹም ወደዱት።

የህንጻችን ጥበቃ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ልጅ ሆነው ከብት ጠብቀዋል። አንድ ማታ ስልኩን ሰጥቻቸው "ጋሼ እስቲ ይሞክሩት" አልኳቸው። በጎቹን በጣታቸው እየነዱ ትንሽ ፈገግ አሉ፣ ከዛ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ቆዩና "ይሄ የኛ ዋሽንት አይደለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የህንድ ባንሱሪ ነበር፣ ወደ ጎን ተይዞ የሚነፋው። እኔ ማንም አይለየውም ብዬ ነበር።

የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። በጎቹ ተበትነዋል፣ ጅቡ እየቀረበ ነው፣ ሙዚቃው ግን ያው ይሄዳል። "ልጄ፣ ከብቱ ተበትኖ ማን ዋሽንት ይነፋል? ዋሽንት እኮ ከብቱ ረግቶ ሲግጥ ነው፣ ያኔ ዛፍ ስር ቁጭ ብለህ ትነፋለህ። እህል ውስጥ ከገባብህማ ጥለኸው ነው የምትሮጠው!"

እኔ አደጋ ሲመጣ ከበሮ ልጨምር ነበር ያሰብኩት፣ ብዙ ጌም እንደዛ ስለሚያደርግ። እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጡት። በማግስቱ ለቡድኑ ስነግራቸው የተከራከረኝ የለም፣ ካለችን ብር ላይ ቀንሰን አንድ ዋሽንት ነፊ ጠራን። ልጁ የተለያየ ርዝመት ያላቸው አምስት ዋሽንቶች በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፣ አራት አራት ቀዳዳ ያላቸው፣ አንዱ ዋሽንት ለሁሉም ዜማ ስለማይሆን ነው። መጀመሪያ ትዝታ አስነፋነው፣ በጣም ያምራል፣ ግን ያንን ሌቨል በቀን አርባ ጊዜ ስትጫወቱት ልብ ላይ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባቲ ወደሚባለው ቅኝት ዞርን። ትንፋሹ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ኤዲተራችን ሊያጠፋው ነበር፣ እኔ ነኝ አይነካም ያልኩት።

ከዛ ጌሙን በምንሰራበት ሶፍትዌር፣ ዩኒቲ ላይ ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ትራኮች አደረግን፣ አንዱ ንፋስና ቃጭል ብቻ፣ አንዱ ዋሽንቱ። ሁለቱም አንድ ላይ ይነሳሉ፣ የዋሽንቱ ድምፅ ግን በጎቹ በተሰበሰቡ ቁጥር ነው ከፍ የሚለው፣ ሲበተኑ ይጠፋል። ሉፑ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄደው ትራክ፣ ዞሮ ሲመጣ እንቅ የሚል ነገር ነበረው፣ እሱ ለካ ኤምፒስሪ ፋይል መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምር ነው፣ ኦግ ወደሚባለው የድምፅ ፋይል ስንቀይረው ተስተካከለ።

ለጋሼ እንደገና ሰጠኋቸው። በጎቹን አንድ በአንድ ከእህሉ አወጧቸው፣ የመጨረሻዋ ጠቦት ስትገባ ዋሽንቱ በደንብ ተሰማ። ጣታቸውን ከስልኩ ላይ አነሱ። ወደ ቤት አልነዷቸውም፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። "ጋሼ ፀሐይዋ ልትገባ ነው" ስላቸው "ተዋቸው፣ ይጋጡ" አሉኝ፣ ጨለመባቸውና ተሸነፉ።

በማግስቱ ኮዱን ከፍቼ ፀሐይዋ ላይ ግማሽ ደቂቃ ጨመርኩ።